ለቆሎ ቆሎ ይሰጠዋል?

ጥያቄ

ይድረስ ለእንስሳት ሐኪማችን። የምኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ስትወተውተን ከርማ ባለፈው መስከረም አንድ ወርቃማ ሃምስተር ገዛንላት። ጉንጩን ነፍቶ ሲሮጥ አይታ ስሙን "ቆሎ" አለችው። እስከ ገና ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ከዚያ አማቴ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን መጡ። መጀመሪያ "አይጥ ታኖራላችሁ?" ብለው አማተቡ፤ በሳምንቱ ግን ከልጄ ይልቅ ወዳጁ እሳቸው ሆኑ። ቡና ሲፈላ ከሚቆረጠመው ቆሎ ቆንጠር አድርገው በሽቦው መሃል ያቀብሉታል። ዳቦ ቆሎም፣ የእንጀራ ጥግም፣ አንዳንዴ ዘቢብም ይደርሰዋል። ልጄ ደግሞ በኪስ ገንዘቧ ከእንስሳት መደብር የእርጎ ከረሜላና በማር የተጣበቀ የእህል ዱላ ትገዛለታለች። ሁለቱም "የኔው ነው የሚሻለው" እያሉ ይከራከራሉ። በጥቅምት በወጥ ቤት ሚዛን 128 ግራም የነበረው ቆሎ አሁን 171 ደርሷል። የሚገርመኝ ደግሞ ከሚሰጠው አብዛኛውን አይበላም፤ ወስዶ ይቀብረዋል። አይወደውም ማለት ነው? አሁን ጸደይ ስለሆነ ከመናፈሻ ሣርና አበባ ለቅመን ብንሰጠውስ? ሁለቱንም ማስቀየም ስለማልፈልግ ፍርዱን ከእርስዎ እጠብቃለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ፍራንክፈርት

መልስ

እህቴ፣ ሽማግሌ ካደረጉኝ ፍርዱን ላስቀድም። እማማ በእህሉ ረትተዋል፤ በጨው፣ በበርበሬና በዘቢቡ ተረትተዋል። ልጅዎ የምትገዛቸው ሁለት ነገሮች ደግሞ፣ ሽፋናቸው ላይ የሚስቅ ሃምስተር ቢሣልባቸውም፣ ከዳቦ ቆሎው ብዙ አይሻሉም። ሁለቱም ወገን ያልሞከሩት አንድ ነገር አለ፤ ቆሎ ምግቡን ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ መተው። ለእኔ ዋናው እሱ ነው፤ ግን እዚያ ለመድረስ ትንሽ ዞር ብዬ ልምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1930 እስራኤል አሃሮኒ የተባለ የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተመራማሪ፣ ሶርያ ውስጥ ሐለብ አጠገብ ካለ የስንዴ ማሳ ሥር አንዲት ሃምስተር ከ11 ግልገሎቿ ጋር አስቆፍሮ አወጣ። ጎሬዋ ከሁለት ሜትር በላይ ወደ ታች የወረደ ነበር። የሄደው ለቤት እንስሳ ብሎ አልነበረም። ባልደረባው ሳውል አድለር የሊሽማንያን በሽታ የሚያጠናበት እንስሳ ቸግሮት ስለነበር ነው። ከሊሽማንያ መልኮች አንዱ እኛ በመተማና በሁመራ ቆላ የምናውቀው ካላዛር ነው፤ ወርቃማ ሃምስተርም እስከ ዛሬ ለዚሁ በሽታ ምርምር ያገለግላል። በየቤቱ የሚኖረው ወርቃማ ሃምስተር አብዛኛው ከዚያች እናት የተገኘ ዘር ነው። የእናንተ ቆሎ ቅድመ አያት እንግዲህ የስንዴ ሌባ ነበረች። እማማ ከጎተራ ያባረሯቸው አይጦች ሁሉ ትዝ ቢሏቸው አይፈረድባቸውም።

ይህን ያነሳሁት ምን ይብላ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ማሳ ስለሚጀምር ነው። ሃምስተር ጥራጥሬና የሣር ፍሬ ይለቅማል፣ ቅጠል ይቆነጥራል፣ ነፍሳት ካገኘ አይምርም። ማታ ይወጣል፣ ያገኘውን በጉንጩ ከረጢት ያጭቃል፣ ወደ ጎሬው ወስዶ ያከማቻል። ከረጢቱ ከአፉ ተነስቶ ትከሻውን አልፎ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። ስለዚህ "አይበላም፣ ይቀብረዋል" ያሉት ማማረጥ አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። ስጦታዎን ከመውደዱ የተነሳ ባንክ አስገባው ይበሉ። ጣጣው የሚቀበረው ነገር እርጥብ ሲሆን ነው። የእንጀራ ጥግ፣ የኪያር ቁራጭ፣ እንቁላል፣ ከጉዝጓዙ ሥር በሁለት ቀን ይሻግታል። ሌሊት እርጥብ ነገር ከሰጡት በማግስቱ ጠዋት ጓዳውን ፈትሸው ያውጡ። ደረቁን ግን አይንኩበት። ክምችቱ ሙልጭ ተደርጎ የተጠረገበት ሃምስተር ሰላም ያጣል፤ እማማን ጎተራቸውን አራግፈው ቢጠብቋቸው ምን እንደሚሰማቸው ይጠይቋቸው።

አሁን ወደ መጠኑ። ይህን ለልጅዎ የሂሳብ ጥያቄ አድርገው ይስጧት። ቆሎ 150 ግራም፣ እሷ 30 ኪሎ ቢመዝኑ 200 እጥፍ ትበልጠዋለች። አንዲት ዘቢብ ግማሽ ግራም ገደማ ናት። እማማ አንዲት ዘቢብ ሲሰጡት ልጅዎ 100 ግራም ዘቢብ በአንድ ቁጭታ እንደበላች ነው፤ ከዘቢብ ደግሞ ከግማሽ በላዩ ስኳር ነው። እሷ በዚያ ልክ ብትበላ ምን ይሉ ነበር? ወርቃማ ሃምስተር በቀን 10 ግራም ገደማ ደረቅ ምግብ ይበቃዋል። የዚህ ዋናው ከመደብር የሚገዛ ጥሩ የሃምስተር ድብልቅ ይሁን፤ ፕሮቲኑ ከ16 እስከ 20 በመቶ፣ ስኳርና ሞላሰስ ያልገባበት። ማባበያ የምንለው ሁሉ ከአሥር አንድ እጁን አይለፍ። በላዩ ላይ የሚጨመር ሳይሆን ከዚያው ከ10 ግራሙ የሚቀነስ ነው። የቆሎ 43 ግራም ትርፍ የመጣው ይህች ስሌት በቤቱ ስላልነበረች ነው ብዬ እገምታለሁ፤ በጥቅምት ገና በማደግ ላይ ከነበረ ግን ጥቂቱ የዕድሜ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ወደ እማማ ጓዳ እንግባ፤ እውነቱን ለመናገር እዚያ ያለው ከመደብሩ መደርደሪያ ይበልጣል። ገብስ፣ ስንዴና አጃ ጥሬውን ቢሰጡት ደስ ይለዋል፤ ከነገለባው ከሆነ ደግሞ እየፈለፈለ ስለሚበላ ሥራም ምግብም ነው። የፊት ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ማኘኩ ይጠቅመዋል። ሙሉ ዛላ ካገኛችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የገብስ ጢም ሹልና እንደ መጋዝ የተጠራረበ ስለሆነ ጉንጩን ውስጥ ለውስጥ ሊወጋው ይችላል። በመቀስ ከርክማችሁ ስጡት። የተቆላ ገብስ፣ ጨውና ቅመም ካልነካው፣ ሁለት ሦስት ፍሬ አይጎዳውም። ለቡና የሚቀርበው ቆሎ ግን ጨው አለው፣ አንዳንዱም በርበሬ፣ አንዳንዱም ዘይት። እሱ ይቅር።

ጤፍን ብዙ ሰው አያስበውም፤ እኔ ግን እወደዋለሁ፤ የማገኘው ደስታ ከቆሎ የተለየ ቢሆንም። አንድ ቁንጥር ጥሬ ጤፍ ጉዝጓዙ ላይ ቢበትኑለት አንዲቷን ቅንጣት ፍለጋ ግማሽ ሌሊት ይደክምበታል፣ የገባለት ምግብ ግን ኢምንት ነው። ለወፈረ ሃምስተር ከዚህ የተሻለ ማባበያ አላውቅም። አሜሪካ ውስጥ ጤፍ ለፈረስ ድርቆሽ ተብሎ እንደሚዘራ ስነግራቸው የሚያዝኑ ኢትዮጵያውያን አጋጥመውኛል፤ ሣሩ ለስላሳ ስለሆነ ካገኛችሁት ለቆሎም መደበቂያ ይሆናል። ድርቆሽ ካልኩ አይቀር፣ ቋንቋችን ለደረቀ ሣርና ለደረቀ እንጀራ አንድ ቃል ነው የሰጠው፤ ሃምስተሩ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው። እንጀራ መርዝ አይደለም። ነገር ግን ሲረጥብ ከጉንጩ ከረጢት ጋር ይጣበቃል፣ ከጎሬው ሲገባ ይሻግታል፣ ሆዱንም ያለ ጥቅም ይሞላል።

የቅባት እህሎቹ ላይ ረጋ እንበል። ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ኑግ፣ ሱፍ፣ የዱባ ፍሬ፤ ሁሉንም ጥሬውንና ያለ ጨው ይወዳል፣ ሁሉም ያወፍራሉ። ኑጋችን በአውሮፓና በአሜሪካ መናፈሻዎች የወፍ መኖ ሆኖ ሲንጠለጠል አይታችሁ ይሆናል፤ ያው ነው፣ ለሃምስተርም ጥቂት ፍሬ ይሆናል። ሱፍ ስንል አንዳንዱ ሰው የፈረንጁን ሱፍ፣ ጸሐይን የሚከተለውን፣ ማለቱ ነው። የዚያኛው ፍሬ ሲፈለፈል ግማሹ ያህል ቅባት ስለሆነ እሱን በቀን ከሁለት አታሳልፉ። ለሌሎቹ መለኪያዬ የልጅዎ የትንሽ ጣት ጥፍር ነው፤ ሁሉንም አንድ ላይ አድርጋችሁ ከዚያች ጥፍር አይብለጥ። የተልባ ዛላ ከነግንዱ ከሆነ ደግሞ ፍሬውን እየበጠሰ ሲለቅም ማየቱ ራሱ ትዕይንት ነው፤ ጀርመን ውስጥ ለዚሁ ተብሎ ታስሮ ይሸጣል። ከዚያው ሱቅ ለወፍ የሚሸጠውን ትንሽ የእህል ዛላ፣ ኮልበንሂርዘ የሚሉትን፣ አውራ ጣት በሚያህል ቁራጭ በሳምንት አንዴ ቢያገኝ ጥሩ ነው። ኦቾሎኒ ያለ ጨው ግማሽ ፍሬ በሳምንት። ሻጋታ የሸተተው ኦቾሎኒ ለሰውም ለእንስሳም ጉበት ጠላት ነው፤ ጥርጣሬ ካለ ወደ ቆሻሻ። መራራውን ለውዝ በጭራሽ።

ባቄላና አተር ቤት ውስጥ ሁለት ስም አጥብቃችሁ ያዙ። ጥሬ ቦሎቄ አንጀት የሚያቃጥል መርዝ አለው። ጓያ ደግሞ ነርቭ እንደሚያሽመደምድ በአገራችን በክፉ ቀን የታየ ነው፤ ተቆልቶም ተቀቅሎም ወደ ቆሎ ሳጥን አይድረስ። ሽምብራና ምስር በውኃ ብቻ ተቀቅሎ አንድ ሁለት ፍሬ ይቻላል። ሽሮው ግን፣ ምንም እንኳ ከሽምብራ ቢሠራም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ስለሚገባበት አይነካም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋሉ። ለቡና የምትጨምሩት ጤና አዳምም ለእሱ ጤና አይደለም።

እማማ ከሀገር ያመጡት እህል ካለ ደግሞ አንድ ሥራ ልስጣቸው። እንክርዳድ ይልቀሙልን። እንክርዳድ የበላ ሰው እንደሚሰክር እሳቸው ያውቃሉ፤ ለ150 ግራም እንስሳ ስካሩ በዚያው ሊቀር ይችላል። ለመልቀም ከእሳቸው የተሻለ ባለሙያ ፍራንክፈርት ውስጥ የለም። ለዘር ተብሎ መድኃኒት የተቀባ እህል ከሆነ ከነጭራሹ አይሆንም። ነቀዝ ከታየበት ከማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ጥቂት ቀን ቢቆይ ነቀዙ ይሞታል፤ ቆሎ ራሱ ነቀዟን ቢያገኛት ግን እንደ ሥጋ ቆጥሮ ይበላታል።

ሥጋ ካነሳን፣ ሃምስተር ጾም አያውቅም። ብዙ የአበሻ ቤት በሁዳዴ ፍሪጁ በሙሉ ወደ ጾም ይገባና እንስሳውም አብሮ ይጾማል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ የጥፍር ያህል የተቀቀለ እንቁላል፣ ወይም በውኃ ብቻ የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ቢያገኝ ይጠቅመዋል። በጾም እንቁላል መቀቀሉ ከከበዳችሁ የደረቀ የዱቄት ትል ከመደብር አለ። እማማ ፊት አትክፈቱት ብቻ።

የልጅዎን ግዢ በአጭሩ ልጨርሰው። የእርጎ ከረሜላ የሚሉት እርጎ በስሙ ነው እንጂ ስኳርና ስብ ነው። የማር ዱላው እህል በሽሮፕ የተለጠፈበት ነው፤ ስኳሩ አንድ ጉዳት፣ ማጣበቂያው ሌላ ጉዳት። ባለፉት ዓመታት ጉንጩ በአንድ ወገን አብጦ ወደ እኔ ከመጣ ሃምስተር ከከረጢቱ ያወጣሁት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ተለጣፊ ጣፋጭ ነው። ልጅቷን አትቆጧት፤ በሽፋኑ ተታለለች እንጂ በደል የለባትም። በሚቀጥለው ከጀርባው ያለውን ዝርዝር ታንብብ፤ ስኳር፣ ማር፣ ሞላሰስ ወይም ሽሮፕ ካየች መልሳ ታስቀምጠው። ጎረቤት ድንክ ሃምስተር ያላቸው ጓደኞች ካሏት ይህ ለእነሱ ይብሳል፤ በተለይ ካምፕቤል የሚባለው ዓይነትና ድቅሎቹ ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ስለሆኑ ፍራፍሬ እንኳ ባይቀምሱ እመርጣለሁ።

ከትኩስ አትክልት ኪያር፣ ዝኩኒ፣ ብሮኮሊ፣ ቀይ ቃሪያ የማያቃጥለው፣ በሶብላና የድንብላል ቅጠል ይሆናሉ። ካሮት ጣፋጭ ስለሆነ ቀጭን ክብ ቁራጭ ይበቃል። ጎመን ጥሬውን የጥፍር ያህል በሳምንት አንዴ። ፖም ዘሩ ወጥቶ ትንሽ ቁራጭ። አዲስ ነገር ስትሰጡ አንድ በአንድ ይሁን፣ ሁለት ቀን ጠብቁ፤ ሰገራው ካልለሰለሰ ቀጥሉ። ብርቱካንና ሎሚ ከኮምጣጣነታቸው የተነሳ፣ አቮካዶ፣ ቸኮላት፣ ጥሬ ድንች፣ የቲማቲም ቅጠል፣ ጀርመኖች በጸደይ ለኬክ የሚገዙት ራባርበር፣ እነዚህ ሁሉ ክልክል ናቸው።

መናፈሻው ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እንዲያውም ለልጅም ለአያትም የጋራ ሥራ ይሆናል። ሎቨንሳን የሚሉትን፣ ቢጫ አበባው ሲያረጅ ነጭ ላባ ሆኖ የሚበነውን፣ ቅጠሉንም አበባውንም ይበላል። ጎርተብን እማማ ሳያሳዩአቸው ያውቁታል፤ ደም የሚያቆመው ቅጠል ነው፤ ጀርመኖቹ ሽፒትስቬገሪሽ ይሉታል። ሳማም ይሆናል፣ ሲደርቅ መለብለቡን ይተዋል። የማገጥ አበባ፣ የካሞሚል አበባ፣ ያልተረጨ የጽጌረዳ ቅጠል፣ የፖምና የሐዘልኑት ጭራሮ ለመቆርጠም። ከአበባ ሱቅ የተገዛ ጽጌረዳ ግን መድኃኒት የጠጣ ስለሆነ አይሆንም፤ መኪና ከሚበዛበት መንገድ ዳርና ውሻ ከሚሸናበት ጥግም አትልቀሙ።

በፍራንክፈርት ጸደይ አንድ ወጥመድ አለ። ሰዉ ጫካ ወርዶ ቤርላውህ ይለቅማል፤ ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው ቅጠል። ለሰው ምግብ ነው፤ ለሃምስተር ያው የሽንኩርት ወገን ነው። ይባስ ብሎ ማይግሎክሸንና ሄርብስትሳይትሎዘ የሚባሉት ቅጠላቸው እሱን ይመስላል፤ እነሱ ሰውም ይገድላሉ። ፊንገርሁትና አይበ የሚባሉትም መርዛቸው እንደዚያው ነው። ሕጌ ቀላል ነው፤ ስሙን መጥራት የማትችሉትን ቅጠል አትንቀሉት። የለቀማችሁትን እጠቡ፣ ጥላ ውስጥ ሰቅላችሁ አድርቁ። የደረቀ ቅጠል ቢቀበርም አይሻግትም፣ ለክረምትም ይቀመጣል። ለቡና የምትጎዘጉዙት የፕላስቲክ ቄጠማ ከሆነ ደግሞ ከሳጥኑ አርቁት፤ ያኝከዋል።

አሁን ያንን ያቆየሁትን ነገር ላንሳ። ሳህኑን አንሱት። ቅድመ አያቱ አንድ ጉንጭ ስንዴ ለመሙላት ጨለማ ውስጥ ስትሮጥ፣ ስታሸት፣ ስትቆም፣ ስትሸሽ ነበር። ቆሎ ግን ከእንቅልፉ ነቅቶ ሦስት እርምጃ ሄዶ ሳህን ሙሉ ያገኛል፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ምን ይሥራ? ሽቦ ያኝካል፣ ጥግ ለጥግ ይመላለሳል፣ እናንተም "ተርቦ ነው" ብላችሁ ዘቢብ ትጨምራላችሁ። የዕለቱን 10 ግራም ማታ፣ ከመንቃቱ በፊት፣ በሳጥኑ ሁሉ በትኑት። ጥቂቱን ጉዝጓዙ ውስጥ ቅበሩት፤ ጉዝጓዙ ደግሞ ሊቆፈር የሚችል ይሁን፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው። ለዚህ ሳጥኑ ቢያንስ 100 በ50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እመክራለሁ። በሽቦ የተሠራው ትንሹ ሳጥን ይህን ሁሉ ጉዝጓዝ አይችልም፤ ይህ ለእናንተ ወጪ መሆኑን አውቃለሁ።

ሽንት ቤት ወረቀት ያለቀበትን ጥቅል ውሰዱ፣ ድርቆሽ ጠቅጥቁበት፣ መሃሉ ላይ አንድ የዱባ ፍሬ ደብቁ፣ ሁለቱን አፍ እጠፉት። የመጀመሪያውን ሌሊት ላይገባው ይችላል፤ እንግዲያው አንዱን አፍ ክፍት ተዉት፣ በሚቀጥለው ዝጉት። የእንቁላል ካርቶን፣ የግማሽ ዋልነት ቅርፊት፣ የደረቁ ቅጠሎች የፈሰሱበት ዝቅ ያለ ሣጥን ከላዩ አንድ ቁንጥር ጤፍ ተበትኖበት፤ እንዲህ ያለውን ልጅዎ ከእኔ በላይ ትፈጥረዋለች። ዛላውን ሲቆም በሚደርስበት ከፍታ አንጠልጥሉት። ያን ጊዜ ማባበያው ፍሬው ሳይሆን ፍለጋው መሆኑን ታያላችሁ፤ ሁለት የዱባ ፍሬ ፍለጋ ሲለፋ ያደረ ሃምስተር ሃያ ተቀምጦ ከበላው የበለጠ ደስተኛ ነው፤ ቀጭንም ነው።

ለእማማ ሌላ ምክር አለኝ። ቀን እንዳይቀሰቅሱት፤ እሱ ቀን የሚተኛ ፍጥረት ነው። በሽቦ መሃል ማቀበሉም ይቅር፤ በሽቦ የገባ ነገር ሁሉ ምግብ ነው ብሎ ከለመደ አንድ ቀን የእሳቸውን ጣት ይሞክራል። ማታ በር ከፍተው መዳፋቸው ላይ አንድ ፍሬ ቢዘረጉለት መጥቶ ይወስዳል። እሳቸው ከዘቢብ ይልቅ የሚፈልጉት ይህንኑ ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ እጅ መታጠብ ነው።

ሚዛኑን ቀጥሉበት። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በደብተር ይጻፍ። 171 ራሱ ለትልቅ ወርቃማ ሃምስተር የሚያስደነግጥ አይደለም፤ የምመለከተው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ነው። በድንገት አታስርቡት፤ ቀስ ብሎ ይውረድ። አንድ ጉንጩ ከአንድ ቀን በላይ እንዳበጠ ከቀረ፣ ውኃ መጠጣቱና ሽንቱ ከወትሮው ከበዛ፣ መብላት ካቆመ፣ ጀርባውን ቆልምሞ ከተቀመጠ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ትናንሽ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ጋ ሂዱ። ጭራው አካባቢ በተቅማጥ ረጥቦ ካያችሁት ደግሞ በዚያው ሰዓት፤ እሱ በሁለት ቀን ይገድላል። ጥርሱ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ቢሆን ግን አትደንግጡ፤ የጤነኛ ጥርሱ ቀለም ነው።

እማማ ወደ ደብረ ብርሃን ከመመለሳቸው በፊት አንድ ብርጭቆ ማሰሮ ሙሉ እህል ይልቀሙለት፤ ጥሬ ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ከላይ ትንሽ ተልባና ሰሊጥ። በቀን አንድ ግራም ብቻ ስለሚወጣለት ግማሽ ኪሎው ከአንድ ዓመት በላይ ይዘልቃል። ልጅዎ ግን ክዳኑ ላይ "የቆሎ" ብላ ብቻ እንዳትጽፍበት፤ ቡና ሊጠጣ የመጣ እንግዳ እውነት መስሎት ጥርሱን ይሰብራል።